ከገለባ መኖ የሠሩት የአባታችን የጋሼ እርሾ የሕይወት ታሪክ

አባታችን በኅዳር ወር 1946 ዓ.ም. በፀሐይ የሚደርቅ ጡብ ይሠሩ ከነበሩት አባታቸውና ዳቦ ጋግረው ይሸጡ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ነበረቻት። በአንደኛው ቤተሰቡ ያድራል፤ በሁለተኛው ምድጃው፣ የዱቄቱ ጆንያና የሊጡ ባልዲ ይኖራሉ። ከጓሮ ደግሞ ጭቃና ጭድ ተቦክቶ ጡብ ይመታል። በአንዱ በር ጭድ፣ በሌላው በር እርሾ እየገባ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል እያልን እኛ ልጆቻቸው ስንቀልድባቸው፣ እሳቸው ሳይስቁ «እኔም ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ» ይሉን ነበር።

ከአምስት ልጆች ሁለተኛው ናቸው። ታላቃቸው፣ ዛሬም በመካከላችን ያሉት አክስታችን፣ ስለ ወንድማቸው ልጅነት ሲጠየቁ የሚያነሱት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። ልጁ የሊጡን ባልዲ ክዳን እየገለጠ አፍንጫውን ይከት ነበር። እናታቸው ሊጡን ብርድ ይመታዋል ብለው ስለሚቆጡ ጥበቃው ለአክስታችን ተሰጠ። አክስታችንም በእንጨት ማንኪያ እጁን ቸብ እያደረግኩ አስተዋይ ሰው አደረግኩት ይላሉ። አባታችን ግን የሊጡን መድረስ ከእናታቸው ቀድመው ይናገሩ እንደነበር ይወራል። አክስታችን ይህን ወሬ እስከ ዛሬ አይቀበሉም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት አካባቢ ተከታትለዋል። ከክፍሉ ጎበዞች የሚቆጠሩ አልነበሩም። ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ ግን ትምህርት ቤቱ የነበረው አንድ ማይክሮስኮፕ ከተቆለፈበት ቁም ሣጥን ወጣ። ሌላው ተማሪ ፀጉሩንና የሽንኩርት ልጣጭ ሲያይ፣ አባታችን ከቤት በወረቀት ጠቅልለው ያመጡትን የእናታቸውን እርሾ አስገቡ። ተራቸው አልቆ ከኋላ የተሰለፉት እስኪጮሁባቸው ድረስ ዓይናቸውን አላነሡም። ያን ቀን ምን እንዳዩ ሲነግሩን አነጋገራቸው አይለወጥም፤ «ገበያ ነው የመሰለኝ። ሁሉም ሥራ ይዟል፤ የሚያወራ ግን የለም።»

በ1965 ዓ.ም. ወደ ግብርና ቴክኒክ ኮሌጅ ገብተው በ1967 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ሙያ በዲፕሎማ ተመረቁ። በዚያው ዓመት በእንስሳት መኖ ምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ። የሥራ ክፍላቸውን እኛም በልጅነታችን እናውቀዋለን። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ በነጭ ሸክላ የተለበጠ፣ አንደኛው መስኮት አልዘጋ ብሎ በካርቶን የተወተፈ፣ ጥግ ላይ እንደ ትልቅ ድስት የሚያፏጭ የእንፋሎት ማምከኛ ያለበት ክፍል ነበር። በመደርደሪያው ላይ አፋቸው በጥጥ የተደፈነ ብልቃጦች ይደረደራሉ። የክፍሉ ኃላፊ አንዲት ዶክተር ነበሩ፤ አባታችን የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው ሲሉ ኖረዋል። ዶክተሯ ማንኛውንም ብልቃጥ ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ከከፈቱ በኋላ ደግሞ ትንፋሽ እንዳይገባበት አያወሩም። ይህን ጠባይ አባታችን ወደ ቤት ይዘውት መጡ። የሾርባ ድስት ሲከፍቱ እንኳ ዝም ይሉ ስለነበር፣ እንግዳ ሰው በጸሎት ላይ ያሉ እየመሰለው አብሯቸው አንገቱን ይደፋ ነበር።

በዚያ ክፍል ይሠራ የነበረው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። እህል ከታጨደ በኋላ የሚቀረው ገለባ ለከብት ይሰጣል። ነገር ግን ፕሮቲን ስለሌለው ሆድ ይሞላል እንጂ ወተትም ሥጋም አይሆንም። ዶክተሯና አባታችን የገለባውን ጠንካራ ክር የሚያፈርስ ነጭ ሻጋታ አገኙ፤ ሻጋታው ካፈረሰው ላይ እየተመገበ የሚራባ እርሾም አገኙ፤ ሁለቱ ሳይጣሉ አብረው እንዲኖሩ ለማድረግ ግን ዓመታት ፈጀባቸው። በመጀመሪያው ሙከራ ሻጋታው እርሾውን ዋጠው። በሌላው እርሾው ከመጠን በላይ ተራብቶ ከረጢቱን አፈንድቶ የዶክተሯን ነጭ ጋዋን ከአንገት እስከ ጫፍ አለበሰው። አባታችን ይህን ሲያወሩ፣ ዶክተሯ ጋዋናቸውን አሽትተው «ሽታው እንኳ ጥሩ ነው» አሉ ይሉን ነበር።

በመጨረሻ የተገኘው አሠራር ይህ ነው። የተከተፈ ገለባ በሙቅ ውሃ ተነክሮ ይጠነፈፋል። ከስኳር ፋብሪካ የሚገኝ ጥቂት ሞላሰስና ፉርሽካ፣ ሻጋታውንና እርሾውን አንድ አድርገን «እርሾ» ከምንለው ጋር ይደባለቅበታል። ከዚያ በተደረበ ከረጢት ታምቆ፣ ከአፉ ላይ በጥጥ የተወተፈ መተንፈሻ ተትቶለት ለሳምንታት ይቀመጣል። ሲደርስ ገለባው ነጭ ሱፍ የለበሰ ይመስላል፤ ሽታውም የሊጥና የበሰለ ፍሬ ሽታ አንድ ላይ ነው። ገበሬዎች ፕሮቲኑ ከየት መጣ ብለው ሲጠይቋቸው አባታችን «ላሚቱ የምትበላው ገለባውን አይደለም፤ ገለባውን የበሉትን ነው» ብለው ይመልሱ ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል፤ ከዚያ እርሾውን ይጠይቃል።

ከእናታችን ጋር ያገናኛቸውም ይኸው ከረጢት ነው። በ1970 ዓ.ም. አባታችን ተደራቢ ከረጢት የሚሰፋላቸው ሰው ፈልገው አንድ የልብስ ስፌት ቤት ገቡ። እናታችን ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ ምን እንደሚከቱበት ጠየቋቸው። አባታችንም ውስጡ ሕይወት ያለው ነገር እንደሚተኛ፣ ሙቀት እንደሚወድ፣ እንዳይታፈን መተንፈሻ እንደሚያስፈልገው በዝርዝር አስረዱ። እናታችን በኋላ ሲያጫውቱን፣ ሰውየው ልጁን በከረጢት ሊያስተኛ ነው ብዬ ፖሊስ ልጠራ ነበር ይሉ ነበር። የመጀመሪያው ከረጢት ስፌቱ ለቀቀ፤ ሁለተኛው ጠበበ፤ ሦስተኛው ልክ ሆነ። አባታችን ግን ከዚያም በኋላ መምጣታቸውን አልተዉም። በ1971 ዓ.ም. ተጋቡ፤ ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

በቤታችን ፍሪጅ የታችኛው መደርደሪያ የአባታችን ነበር። ሌላው መደርደሪያ ቢጨናነቅም እዚያ ያሉት ብልቃጦች ከቦታቸው አይነቃነቁም። እናታችን ብልቃጦቹን «ጣውንቶቼ» ይሏቸው ነበር። ሆኖም መብራት በጠፋ ቁጥር ሮጠው በእርጥብ ፎጣ የሚጠቀልሏቸው እሳቸው ነበሩ።

እርሾውን ከምርምር ጣቢያው ውጪ መጀመሪያ የሞከሩት የእናታችን ታላቅ ወንድም፣ ወተት ሻጩ አጎታችን ናቸው። ከአባታችን ጋር እኩያ ስለሆኑ እንደ አማች ሳይሆን እንደ ባልንጀራ ነበር የሚተያዩት። የመጀመሪያውን ከረጢት ከፍተው ሲያሸቱ፣ ላሞቼ ሰክረው ከገቡ አንተ ቤት ነው የሚያድሩት፣ አልጋህንም ትለቅላቸዋለህ ብለው አስጠነቀቁ። ላሞቹ አልሰከሩም። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አጎታችን አንድ ቆርቆሮ ወተት ይዘው መጡና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። አባታችን ቀድተው እስኪጠጡ ድረስም ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ቤታችን እየመጡ ሁለቱ ስለ ገለባና ስለ ላም ሲጨቃጨቁ ይውሉ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የገለባው ጥናት በጀት ስላጣ ተዘጋ። ክፍሉ ለዕቃ ማከማቻ ሊሆን ስለሆነ ብልቃጦቹ ይወገዱ ተባለ። ዶክተሯ ወደ ሌላ ሥራ ከመዛወራቸው በፊት አባታችን እርሾውን ቤታቸው ወስደው እንዲያቆዩት ፈቀዱላቸው። አባታችንም በሻይ ፔርሙስ ይዘው በአውቶቡስ ተሳፈሩ። ፔርሙሱን በሁለት እጃቸው አቅፈው ስለነበር፣ አጠገባቸው የተቀመጡ ሴትዮ መንገዱን ሙሉ ሻዩ ሲቀዳ ሲጠብቁ ቆይተው «እንዲህም አድርጎ ሥሥት የለም» ብለው ወረዱ ይባላል።

ከዚያ በኋላ ቀን በጣቢያው የዘር መጋዘን እየሠሩ፣ ከሥራ ሲወጡ ከከተማው ዳር ላሉ ከብት አርቢዎች እርሾ ሲያድሉ ኖሩ። ዋጋ አልጠየቁበትም። ያወጡት ደንብ «መልስ» የሚባለው ብቻ ነበር። እርሾ የወሰደ ሰው ክምሩ፣ ማለትም በከረጢት ያመቀው ገለባ፣ ሲደርስለት ከመሐሉ አንድ ኩባያ አውጥቶ ይመልሳል። አባታችን ከየቤቱ የመጣውን መልስ ፈትሸው የበረታውን ለሚቀጥለው ሰው ያቆያሉ። ዝናብ ጠፍቶ ሣሩ ሁሉ የነደደበትን ዓመት እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በግቢያችን በር ላይ ባዶ ኩባያ የያዘ ሰው ተሰልፎ፣ ያን ክረምት በገለባ ብቻ የተሻገረ በረት ጥቂት አልነበረም። «ጋሼ እርሾ» የሚለው ስምም በዚያን ጊዜ ወጣላቸው፤ ሰዎች ዋናውን ስማቸውን እስከ መርሳት ደረሱ። አባታችንም በስልክ ሲጠሩ «እርሾ ነኝ» ማለት ለመዱ።

አባታችን አንድን ክምር ደርሷል የሚሉት አሽትተው ብቻ ነበር። ሲነካ ሙቀቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ላይ ላዩን ሲታይም ነጭ ሊሆን ይችላል። ውሃ ገብቶበት መሐሉ መበላሸቱን የሚናገረው ሽታው ነው፤ ተዘግቶ የኖረ እርጥብ ምድር ቤት ይሸታል። ስለዚህ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገብተው ከመሐል አንድ ጭብጥ ያወጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ። «ደርሷል» ካሉ ለከብት ይሰጣል፤ ካላሉ አይሰጥም። አርቢው ሁሉ በዚህ ቃላቸው ያምን ነበር።

ቀጥሎ ያለውን የምንጽፈው ራሳቸው ስላዘዙን ነው። «ስታነቡልኝ እሱን ዘላችሁ እንዳታልፉ» ብለውናል።

በ1995 ዓ.ም. አባታችን ብርቱ ጉንፋን ይዟቸው ሳለ የአጎታችን ክምር የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። አጎታችን መኖ አልቆባቸው ስለነበር አባታችን ቃሌን አላጥፍም ብለው አንገታቸውን በሻርፕ ጠምጥመው ሄዱ። ከረጢቱን ፈቱ፤ ነጭ ነው። እጃቸውን ከተቱ፤ ሙቀቱ ልክ ነው። ጭብጡን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ምንም አልሸተታቸውም። ያን ቀን ሽቶና ጋዝ የሚለዩበት አፍንጫ አልነበራቸውም። ሌላ ሰው ያሽትልኝ ማለት ከበዳቸውና «ደርሷል» አሉ። ከረጢቱን ግን ከሥሩ አይጥ በስታው ውሃ ገብቶበት ኖሯል። የበሉት ላሞች ታመሙ። ሌሎቹ ሲድኑ፣ አጎታችን ከሁሉ አብልጠው የሚወዷት፣ ስትጠራ ከሜዳ ማዶ ሰምታ የምትመጣው ቀዮ ሞተች።

አጎታችን በማግስቱ ወደ ቤታችን መጡ፤ ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አሽትተኸው ነበር?»

«አሽትቼዋለሁ» አሉ አባታችን።

ይህን ሲሉ አፍንጫቸው ገና እንደተደፈነ ነበር፤ ድምፃቸውን የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። አጎታችን ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ፤ ወደ ቤታችንም መምጣት ተዉ።

እናታችን ሁለቱን ለማስታረቅ ያልሞከሩት ዘዴ አልነበረም፤ አልሆነላቸውም። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ራሳቸው ወደ ወንድማቸው ቤት እየሄዱ ወተት ይዘው ይመለሱ ነበር። አባታችን ወተቱ ከየት እንደመጣ ጠይቀው አያውቁም፤ አንድም ቀን ግን ከብርጭቋቸው አላስተረፉም። አጎታችንም በተራቸው የአባታችንን ስም ሳያነሡ «ሰዎቹ ደኅና ናቸው?» ይሉ ነበር። እናታችን አንድ ቀን፣ አንዱ ወተት ይጠጣል፣ አንዱ ጤና ይጠይቃል፣ ጫማ የሚያልቀው የኔ ነው ብለው ሁለቱንም በየቤታቸው ወቅሰዋቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ከሁለቱም ወገን ጫማ ተገዛላቸው፤ እርቁ ግን አልመጣም።

በዚያው ዓመት አባታችን አዲስ ደንብ አወጡ። ማንኛውም ክምር በአንድ ሰው አፍንጫ ብቻ አይከፈትም። ሁለት ሰው አሽትቶ ሁለቱም «ደርሷል» ካላሉ ከብት አይቀምሰውም። ራሳቸው ጉንፋን የያዛቸው ቀን ሻርፓቸውን ከግቢው በር ላይ ይሰቅላሉ፤ ያየ አርቢ ሌላ ቀን ይመለሳል። እርሾ ሊወስድ የመጣውን ሁሉ ዓይኑን አስጨፍነው የደረሰውን፣ ያልደረሰውንና የተበላሸውን በየተራ ያስሸትቱት ነበር። ሰው «የሁለት አፍንጫ ደንብ» እያለ ሳቀባቸው። ባልና ሚስት ተኳርፈው፣ አንዱ የሌላውን አፍንጫ አልቀበልም ብሎ ክምር ሳይከፈት የሰነበተበት ጊዜም አለ። አባታችን ግን ከደንቡ ንቅንቅ አላሉም፤ ከየት እንዳመጡትም ለማንም አልተናገሩም። ከቀዮ በኋላ በእሳቸው እርሾ የሞተ ከብት የለም።

በ2006 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። በ2009 ዓ.ም. እናታችን ዐረፉ። የሬሳ ሣጥናቸውን አባታችን በግራ፣ አጎታችን በቀኝ ሆነው እግራቸውን እኩል እያነሡ ተሸከሙ። ሣጥኑን ካስቀመጡ በኋላ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ተሰነባበቱ፤ ቃል አልተለዋወጡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሑዱ ወተት ቀረ።

ከተማው እየሰፋ ሲመጣ በበረቶቹ ቦታ ቤት ተሠራ። አርቢዎቹ ከብታቸውን ሸጡ፤ መልስ ይዞ የሚመጣ ኩባያም እያነሰ ሄዶ ጨርሶ ጠፋ። አባታችን በየጊዜው ጥቂት ገለባ እየመገቡ እርሾውን በዚያው በፍሪጁ የታችኛው መደርደሪያ ላይ አቆዩት። ከእሳቸው በኋላ ከማን እጅ እንደሚገባ ግን እጅግ ያሳስባቸው ነበር። እኛ ልጆቻቸው አንዳችን በባንክ፣ አንዳችን በትምህርት ቤት፣ አንዳችን በጋራዥ የምንሠራ ነን፤ እናቆየዋለን ብንላቸው አልተጽናኑም። የሚበላው ከብት የሌለው እርሾ ፎቶግራፍ ማለት ነው ይሉን ነበር። የሚፈልጉት በረት ያለው፣ ከመመገቡ በፊትም የሚያሸት ሰው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። አክስታችን ወንድማቸውን ሊያስታምሙ ሻንጣቸውን ይዘው መጡ፤ በሽተኛው ተሽሎት ወደ ቤት ሲመለስ ንጹሕ ቤት ይጠብቀው ብለውም ማጽዳት ጀመሩ። እኛ ከሆስፒታል ስንመለስ ፍሪጁ ከተገዛበት ቀን ይልቅ ነጭ ሆኖ ነበር። በታችኛው መደርደሪያ ላይ ብልቃጦቹ ታጥበው፣ ተወልውለው፣ በአፋቸው ተደፍተው ተደርድረዋል። በውስጣቸው የነበረው ሁሉ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄዷል። ደንግጠን ስንጠይቃቸው አክስታችን፣ ሰው ሳንባውን ታሞ ሻጋታ ከምግብ ጋር አስቀምጣችሁ ልትጨርሱት ነው እንዴ ብለው ተቆጡን። ምን እንደነበረ ስንነግራቸው ግን ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

እርሾ ወስደው የነበሩትን የምናውቃቸውን ሰዎች ሁሉ ጠየቅን። አንዱ ከብቱን ሸጧል፤ ሌላው ብልቃጡን ካደረቀው ቆይቷል። አንዲት ሴት በእርግጥ እንዳላቸው ነግረውን ሄደን ብናየው እርጎ ሆኖ አገኘነው።

አባታችን በአፍንጫቸው የኦክስጅን ቱቦ ተደርጎላቸው ወደ ቤት ተመለሱ። በሽታው የማሽተት ኃይላቸውን ወስዶባቸው ነበር። የብልቃጦቹን ነገር ልንደብቃቸው አሰብን፤ አክስታችን ግን አይሆንም ብለው ራሳቸው ነገሯቸው። አባታችን ቱቦው እስኪንሸራተት ሳቁ። «እቴ፣ ያኔም ባልዲውን አላስነካ ብለሽኝ ነበር» አሏቸው። ከሳቁ በኋላ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቀናት ሰነበቱ። አንድ ጠዋት አጎታችንን ጥሩልኝ አሉ። እኛ እርሾ ፈልገው መስሎን፣ ከቀዮ ወዲህ እሳቸው ቤት እርሾ ሊኖር እንደማይችል ነገርናቸው። አባታችን የምፈልገው እርሾ አይደለም አሉ።

አጎታችን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አፉ በጨርቅ የታሰረ ባልዲ አንጠልጥለው መጡ። ባልዲውን በሩ አጠገብ አስቀምጠው ወንበር ወደ አልጋው ስበው ተቀመጡ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለቀሩት ሁለት ላሞቻቸው ተጨዋወቱ። ከዚያ አባታችን ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ተናገሩ።

«ያን ቀን አላሸተትኩትም።»

«አውቃለሁ» አሉ አጎታችን። «ድምፅህ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንተ እስክትለው ነዋ። ይህን ያህል ታስረዝመዋለህ ብዬ መቼ ገመትኩ።»

አባታችን እጃቸውን ዘርግተው ስለ ቀዮ ይቅርታ ጠየቁ። አጎታችን እጁን ይዘው ቆዩ። ቀዮን ያኔውኑ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ያስቸገረኝ እሑድ እሑድ የምጨቃጨቀው ሰው ማጣት ነው አሏቸው። ከዚያ ተነሥተው ባልዲውን አመጡ። ጨርቁ ሲፈታ በውስጡ ያለው ገለባ ነጭ ሱፍ ለብሶ ታየን። አጎታችን፣ የተበላሸውን ክምር ጣልኩ እንጂ እርሾው ምን አጠፋ አሉ። ከዚያ ወዲህ ክምር ባደረሱ ቁጥር በደንቡ መሠረት ከመሐሉ አንድ ኩባያ መልስ ያወጣሉ፤ የሚመልሱበት ቤት ስላልነበራቸው ግን ለሚቀጥለው ክምር ሲያደርጉት ኖረዋል። ይዘው የመጡት ከሃያ ዓመት በላይ ያልመለሱትን መልስ ነበር።

አባታችን እጃቸውን በገለባው ውስጥ ከትተው አቆዩት። ሙቀቱ ልክ ነው አሉ። ጭብጥ አውጥተው እንደ ልማዳቸው ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉ እጃቸው ቱቦውን ነካው። ጭብጡን ወደ አጎታችን ዘረጉ።

«እኔ አይሸተኝም። አንተ አሽትተህ ንገረኝ።»

አጎታችን ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱ። ደንብህን ሰምቻለሁ፣ አንድ አፍንጫ አይበቃም ብለው ወደ በሩ ዞሩ። አክስታችን እዚያ ቆመው ነበር። «እትዬ፣ እርስዎ ይምጡ» አሏቸው። አክስታችን እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ቀረቡ። ጎንበስ ብለው አሸተቱ፤ ቀና አሉና ደግመው አሸተቱ።

«የእናቴ ባልዲ ነው» አሉ።

አባታችን ጠበቋቸው፤ ደንቡ የሚጠይቀው ቃል ይህ አልነበረም። አክስታችን ገባቸው።

«ደርሷል» አሉ። አጎታችንም ከእሳቸው ቀጥለው «ደርሷል» አሉ።

በዚያው ቀን አክስታችን ያጠቧቸውን ብልቃጦች ራሳቸው ሞልተው በታችኛው መደርደሪያ ላይ መለሷቸው። የእሑዱም ወተት ተመለሰ፤ ለዚያውም ከነባለቤቱ። በቀሩት ሳምንታት አጎታችን ወንበራቸውን ከአልጋው አጠገብ አላነሡም። ስለ ገለባና ስለ ላም የሚነሣው ጭቅጭቅ ከሌላው ክፍል ይሰማን ነበር፤ አንዳንዴ ኦክስጅኑ የሚያንሰው ለአጎታችን ይመስል ነበር። አባታችን ስለ እርሾው ዳግመኛ አልጠየቁንም።

አባታችን ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በ70 ዓመታቸው በቤታቸው፣ በአልጋቸው ላይ፣ ልጆቻቸውና ታላቅ እኅታቸው አጠገባቸው ሆነው፣ አጎታችንም እጃቸውን ይዘው ሳለ ዐረፉ። ሁለት ሴት ልጆች፣ አንድ ወንድ ልጅና አራት የልጅ ልጆች ተክተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሟቸው ሐኪሞችና ጎረቤቶች፣ እዚህም መጥታችሁ ላጽናናችሁን ሁሉ ምስጋናችንን እናቀርባለን። ከሩቅ መጥተው ከፊት የተቀመጡትን የቀድሞ አለቃቸውን ዶክተሯን በተለይ እናመሰግናለን፤ በፔርሙስ የወጣው ዛሬም በሕይወት አለ።

እርሾው ከአጎታችን በረት ነው፤ መጠባበቂያው በአክስታችን ጥበቃ ሥር በቤታችን ፍሪጅ ይገኛል። የሚፈልግ ሰው ኩባያ ይዞ ይምጣ። ክምሩን ከመክፈቱ በፊት ሌላ ሰው ይጥራ፤ ሲደርስለትም መልሱን አይርሳ።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ በቤቱ በሰላም ይቀበልልን፤ እኛንም እስከዚያው አያጣላን።